ለእማማ ሞሪ ያላፈሰስኩት ውሃ

አንድ እጅ አያጨበጭብም ሲባል እየሰማሁ አድጌያለሁ። አንድ እጅ ራሱን እንደማያጥብ ግን የገባኝ ባለፈው የካቲት ነው። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ከሕንጻችን ደጃፍ በረዶ አዳልጦኝ የቀኝ አንጓዬ ተሰበረና እስከ ጣቶቼ ሥር ጄሶ ታሰረልኝ። የቀረችኝን ግራ እጄን በምን ልሻት? ሳሙናውን ስይዘው ያመልጠኛል፤ ቧንቧ ሥር ብቻዋን ባገላብጣት የጣቶቼ መሃል እንዳደፈ ይቀራል። ባለቤቴ ዘመድ ልትጠይቅ አገር ቤት ሄዳለችና፣ ሦስት ቀን ሙሉ እንጀራ በማንኪያ ስበላ ሰነበትኩ። ይህን ያየ ሰው እንዳይስቅብኝ መጋረጃ ሁሉ ሳልዘጋ አልቀረሁም።

በአራተኛው ቀን ልጄ ማርታ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ሽሮ ሠርታ አቀረበችና ማንኪያ ስፈልግ አየችኝ። ክንዴን ይዛ ወደ ማጠቢያው ወሰደችኝ።

«አባዬ፣ ዝም ብለህ ቁም። ዶንት ሙቭ» አለችና ግራ እጄን በሁለት መዳፎቿ መሃል አድርጋ፣ በሳሙና እያሸች፣ ጣት በጣት አጠበችኝ። እንባዬ መጣ።

«ውሃው ፈጀህ እንዴ?»

«አዎ፣ ትንሽ» አልኳት።

አልፈጀኝም፤ ለብ ያለ ነበር። ያስለቀሰኝ፣ እሷ ሳትለመን ያደረገችውን እኔ በእሷ ዕድሜ ተለምኜ እምቢ ማለቴ ነው። የሆነውን እንደሆነው ለባለቤቴም ለልጄም ነግሬ አላውቅም። ሰው ፊቱን ከሚያየው ይልቅ ለማያየው ሰው ማውራት ይቀለዋል መሰለኝ፣ ይኸው አሁን ልጽፈው ነው።

ያን ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሱዳን ወደ ቶሮንቶ ከመጣን አራት ዓመት ሆኖናል። ከእናቴ ጋር ክሬሰንት ታውን፣ ዐሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። እሷ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ እኔ ኮሌጅ እማራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ሙሉ በሙሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ሰው ነኝ። የራሳችን ሕንጻ ስላልነበረን የምናስቀድሰው ከፈረንጆች በተከራየነው ምድር ቤት ነበር። የቧንቧው ጩኸት ከቅዳሴው ጋር እየተጋፋ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ እዘምራለሁ። እምነቴ የእውነት ነበር፣ ያን አልክድም። ነገር ግን ከእምነቴ ጋር አንድ አረም አብሮ በቅሎ ነበር፤ ሰውን ሁሉ የእኛና የእነሱ ብሎ መክፈል። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ እኔም ከእግዚአብሔር በላይ ለእግዚአብሔር ተቆርቋሪ ሆኜ ነበር።

ከእኛ ፊት ለፊት የሚኖሩት አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ነበሩ። የፖስታ ሣጥናቸው ላይ ሚስስ ሞሪ ይላል። እናቴ ግን ትልቅ ሰው በባዶ ስም መጥራት አልሆንላት ብሎ በመጣን በወሩ እማማ ሞሪ አለቻቸው፤ እሳቸውም ወደዱት። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ አጭር፣ ጸጉራቸው ጆሮ ግንዳቸው ላይ እኩል የተቆረጠ። አናጢ የነበሩት ባላቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ሌላ ከተማ ናት። በመጀመሪያው የበረዶ ወራት እናቴን ሊፍት ውስጥ ባዶ እጇን አይተው ጓንታቸውን አውልቀው ያጠለቁላት እሳቸው ናቸው። እናቴ ሃያ የእንግሊዝኛ ቃል ቢኖራት ነው፤ እሳቸው አማርኛ የላቸውም። ግን አብረው ተቀምጠው አንድ ሰዓት ያወራሉ። ምን እንደሚያወሩ እግዜር ይወቅ።

ጾም መያዛችንን ሲያውቁ ከሩዝ ዱቄትና ከተፈጨ ቀይ አደንጓሬ የተሠራ ጣፋጭ፣ ለስላሳ ኬክ ያመጡልን ነበር። ወተት የለው፣ እንቁላል የለው፣ እናቴ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። እኔ አልበላም አልኩ።

«ለጣዖት የተሠዋ ቢሆንስ?»

«አንተ ልጅ፣ አደንጓሬ ምን ሃይማኖት አለው?» አለችኝና የእኔንም ድርሻ በላችው።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ የለብኝም። እናቴ ቤት ውስጥ ቧንቧ እያለ እንግዳ ተነሥቶ ሄዶ እንዲታጠብ አትፈቅድም ነበር። ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዤ፣ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ ከትልቁ ሰው ጀምሬ እጅ የማስታጥበው እኔ ነኝ። ይህ ለእኔ ሥራ አይደለም፤ አስቤው እንኳ አላውቅም፣ ትልቅ ሰው እጁን ሲዘረጋ እጄ ወደ ውሃው ይሄዳል። እማማ ሞሪም በፋሲካ በገና እኛ ቤት ሲመጡ አስታጥቤያቸዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ደንግጠው ነበር። ከዚያ ገባቸውና፣ እጃቸው ውሃ እያንጠባጠበ፣ ከወንበራቸው ተነሥተው ለእኔ ለጎረምሳው ጎንበስ አሉልኝ። እናቴ ለሳምንት ያህል ይህን ስታወራ ነበር።

የዚያን ዓመት መጋቢት መጀመሪያ ላይ እማማ ሞሪ በረዶ ጥሏቸው ቀኝ ክንዳቸው ተሰበረ። ግራ እጃቸውን ደግሞ ሪህ ድሮ አጣሞታል። ዐቢይ ጾም እኩሌታው ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እናቴ ለሥራ ስትወጣ ቀሰቀሰችኝ።

«የእማማ ሞሪ ልጅ ዛሬ ልቧን ኦፕራሲዮን ትደረጋለች። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፣ በዚህ ክንዳቸው መሄድ አልቻሉም። ጸሎት ቤታቸው ሄደው ሊለምኑላት ይፈልጋሉ። አንተ ውሰዳቸው።»

«ጸሎት ቤት? የጣዖት ቤት ነው እኮ እማዬ።»

«ክንዳቸውን ያዝ አልኩህ እንጂ ስገድ አልኩህ?» ብላ በሩን ዘግታ ሄደች።

ከቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ በሰብዌይ ተሳፍረን ወደ ምዕራብ ጥቂት ጣቢያ ሄድን። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ስንወጣ ከዳቦ ቤቱ ትኩስ ዳቦ ይሸታል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምጾም ነኝና ምራቄን ዋጥኩ። በየመንገዱ ዳር የተረፈው በረዶ ጠቁሮ ከሰል መስሏል። ክንዳቸውን ይዤ ጸጥ ወዳለ የመኖሪያ ሰፈር ገባን፤ ጠባብ የጡብ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ የቆሙበት። ቀስ እያሉ ያወሩኛል። በጦርነቱ ጊዜ ጃፓን ናችሁ ተብለው ከምዕራቡ የባሕር ዳር ቤታቸውንና የአባታቸውን የዓሣ ጀልባ ተነጥቀው ተግዘው ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደዚያ መመለስ ስላልተፈቀደላቸው እሳቸውና ጥቂት ቤተሰቦች ወደዚህ ከተማ መጡ። ከአንደኛው ቤት ጓሮ ሺንቶ የሚባለውን የአባቶቻቸውን እምነት መቅደስ ሠሩ። ደጃፉን የጠረቡት ባላቸው ናቸው። ስደተኛ ነኝ፣ የተነጠቀ ቤት ልጅ ነኝ፤ ይህን ስሰማ አንዳች ነገር ሊሰማኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን በልቤ ዳዊት እየደገምኩ፣ ከጆሮዬ እየመለስኩት ነበር።

ቦታው በሁለት ቤቶች መሃል ባለች ቀጭን መተላለፊያ የሚገባበት ነው። ሳይነግሩት የሚያልፍ ሰው አያየውም። ሁለት ቋሚና ሁለት አግዳሚ ብቻ ያለው የእንጨት ደጃፍ፤ ዕድሜ አመድማ አድርጎታል። ከውስጥ ሦስት እርምጃ ገባ ብሎ የድንጋይ ገንዳ፣ ገንዳው ላይ የቀርከሃ ጭልፋ። ከዚያ ዐሥር እርምጃ ያህል ጠጠር፤ ከጠጠሩ ማዶ ከአንድ ቁም ሣጥን የማይበልጥ ጣሪያው ወደ ውጭ ያዘቀዘቀ ቤት፣ ግንባሩ ላይ የገለባ ገመድ ተጎትቶበታል። የሥራ ቀን ስለነበር ማንም የለም። ከዋናው መንገድ ሃምሳ ሜትር ሳንርቅ የመኪና ድምፅ ጠፍቷል። ቦታው ደስ ማለቱ አናደደኝ።

እኔ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ገቡ። ገንዳው ሌሊት የያዘው ስስ በረዶ ነበረበት፤ በጄሷቸው ጫፍ መታ ሲያደርጉት ተሰነጠቀ፣ ከሥሩ ጥርት ያለ ውሃ ታየ። በግራ እጃቸው ጭልፋውን ያዙ። የተጣመሙት ጣቶች አልጨበጡትም፤ ወደቀ። አነሡት። ቀዱ፣ ሊያዘነብሉት ሲሉ ውሃው እጅጌያቸው ውስጥ ገባ። ሦስተኛ ሞከሩ፤ ጫማቸው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«መስፍን፣ እባክህ። እጄን ሳልታጠብ እዚያ መቅረብ አልችልም። ልክ እንደ ቤታችሁ፣ ትንሽ አፍስስልኝ።»

ልክ እንደ ቤታችሁ አሉኝ። ለዚህ ሥራ ከከተማው ሰው ሁሉ እኔን ቢያምኑ ስህተታቸው ምኑ ላይ ነው?

እኔ ግን የታየኝ ሌላ ነበር። ለጣዖት አናጥንም ብለው አንገታቸውን የሰጡ ሰማዕታት ታዩኝ። ለዚህ ውሃ ጭልፋ ማንሣት ማገልገል ነው አልኩ፤ ፈተናዬ መጣ አልኩ። ሁለት እጄን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ።

«ይቅርታ፣ አልችልም። ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም።»

ኪሴን አዩት። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈልጌ ነበር፤ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«አሃ» አሉ። «ይቅርታ አድርግልኝ። አላሰብኩትም።» አሉና ጎንበስ አሉልኝ።

ከዚያ ያችን ትንሽ ቤት ትንሽ ቆመው አዩአት። ዐሥር እርምጃ ናት። ተመልሰው ከደጃፉ ወጡ፤ ከውጭ ሆነው ዞሩና አንድ ጊዜ ብቻ ጎንበስ ብለው፣ «እንሂድ» አሉኝ።

«አይገቡም?»

«ባልታጠበ እጅ? አይሆንም።»

በዚያች ሰዓት ልጃቸው ደረቷ ተከፍቶ ተኝታለች። አውቃለሁ፤ እናቴ ነግራኛለች። አውቄ ነው። ስንመለስ ክንዴን አጥብቀው ይዘው ነበር። በእኔ ልብ ውስጥ ግን እልልታ ነበር። ሰብዌይ ውስጥ ተቀምጬ እንደ ሰማዕት ራሴን ቀና አድርጌ ነበር የሄድኩት።

ልጃቸው ዳነች። ማታውን ስልክ ተደውሎ እናቴ ተመስገን ብላ መሬት ሳመች። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ቅጣት እንዳይጠብቅ ነው። በእኔ ምክንያት የሞተ ሰው የለም፤ ነገሬን ግን አያቀለውም።

እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ምስክርነት ያለው ሲባል ተነሣሁ። ሁሉንም አወራሁ። ሲጨበጨብልኝ ሰብሳቢያችን ትከሻዬን መታ አድርጎ «እንዲህ ያለ ወጣት ነው የሚያስፈልገን» አለ። ያን ቀን ያገኘሁትን ጭብጨባ ያህል እስከ ዛሬ አግኝቼ አላውቅም።

እናቴ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም። እሷ አልበቃሁም ብላ ወደ ውስጥ ገብታ አታስቀድስም ነበር፤ ካፖርት በሚሰቀልበት ኮሪደር፣ በካፖርቶቹ መሃል ቆማ ነው ቅዳሴ የምትሰማው። እዚያው ቆማ ሳለች አንዲት ሴትዮ እየሮጠች «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጅሽ እኮ የጃፓኖቹን ጣዖት አሳፈረ!» ብላ የተናገርኩትን ሁሉ ነገረቻት።

ቤት ገባን። ነጠላዋንም ሳታወልቅ ዞረችብኝ።

«እጄን ልታጠብ ብለው ለመኑህ?»

«እማዬ፣ የጣዖት ውሃ እኮ ነው፣»

«ለመኑህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«አዎ።»

«እምቢ አልካቸው? ሳይገቡ ተመለሱ?»

«አዎ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እኔ ከደጅ መቆምን አውቀዋለሁ» አለች። «እኔን ያቆመኝ የራሴ ኃጢአት ነው። እሳቸውን ያቆምካቸው ግን አንተ ነህ። ተነሥ።»

ኮሪደሩን ተሻግረን አንኳኳን። እማማ ሞሪ ደስ ብሏቸው ሻይ ሊያፈሉ ሲነሡ እናቴ ከለከለቻቸው። ነጠላዋን አደግድጋ መሃል ወለሉ ላይ ቆመች።

«በላቸው፤ ልጄ በድሎዎታል። ውሃ ነፍጎዎታል። ይህ እኔ ያሳደግሁት አስተዳደግ አይደለም። ስለ ልጅዎ ብለው ይቅር ይበሉን። በል፣ ንገራቸው።»

«እናቴ ስለ ውሃው ይቅርታ ትላለች» አልኩ በእንግሊዝኛ።

«እኔ ያን ሁሉ ተናግሬ ይኸው ብቻ? ጨምር!»

ምኑን ልጨምር። አንገቴን ደፋሁ። እማማ ሞሪ የእናቴን ፊት አዩት። ከዚያ እኔን አዩ፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ደግሞ ቀለል ባለ ድምፅ መናገር ጀመሩ።

«የቱ ውሃ? ለእናትህ ንገራት። ያን ቀን ገንዳው እስከ ሥሩ በረዶ ሆኖ ነበር። ማንም ሊቀዳው አይችልም ነበር። ልጅሽ ክንዴን ይዞ ወሰደኝ፣ ክንዴን ይዞ መለሰኝ፣ በላት።»

እኔ ለእናቴ በሐኪም ቤት፣ በኢሚግሬሽን፣ በየቢሮው አስተርጉሜያለሁ፤ ስሰለች ግማሹን እውጠዋለሁ። ያን ቀን ግን ቃል በቃል ተረጎምኩ። አንዲትም አላስቀረሁም።

እናቴ አየችኝ። «በረዶ ነበር?»

«አዎ» አልኩ። እስከዚያ ድረስ ውሸቱ የእማማ ሞሪ ነበር፤ ለእናቴ ልብ ብለው፣ ምናልባትም ለእኔ ብለው የዋሹት። ከዚያች ቃል ጀምሮ የእኔ ሆነ።

እናቴ ትንፋሿን ለቀቀችው። ትከሻዋ ወረደ። «እና ታዲያ እምቢ አልኩ ብለህ ለሕዝበ ክርስቲያን ያወራኸው ምንድን ነው? ጉራ ነው?»

ወለሉን አየሁ።

«ጉረኛ!» ብላ ትከሻዬን በመዳፏ መታችኝና ሳቀች። ዕንባዋ እየወረደ ነበር የሳቀችው። እማማ ሞሪም አብረው ሳቁ። ሻይ ተፈላ፤ አደንጓሬው ኬክ መጣ፤ ያን ቀን በላሁት። ወጥተን በራችን ላይ ስንደርስ እናቴ ቆመች።

«ይቅር በለኝ ልጄ፣ ክፉ ጠረጠርኩህ። ጉራስ ዕድሜ ሲመጣ ይለቃል።»

ይቅር ብያለሁ አልኳት። እንዲያ ብዬ መለስኩላት።

በበጋው ልጃቸው መጥታ እማማ ሞሪን ወደ ራሷ ከተማ ወሰደቻቸው። ካርቶኖቹን እስከ መኪናው የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ክንዳቸው ድኖ ነበር። በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር አሁን እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ሲሰናበቱኝ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ አሉልኝ፤ እኔም ጎንበስ አልኩ፤ የመኪናው በር ተዘጋ። ለጥቂት ዓመታት በገና ለእናቴ ካርድ ይልኩ ነበር፤ ከዚያ ቀረ።

አሁን ማርታ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች እጄን ታጥባለች፤ ጄሶው በሚቀጥለው ሳምንት ይፈታል። ይህን ኃጢአቴን ለንስሐ አባቴ ተናዝዤ የታዘዝኩትን ስግደት ሰግጃለሁ። ስግደት ለእምቢታዬ ይበቃ ይሆናል፣ እግዚአብሔር ያውቃል። እኔን የሚያቃጥለኝ ግን ገንዳው ብቻ አይደለም። ያን ጊዜ የሳትኩት ለማምንበት ነገር ብዬ ነበር፤ ሞኝነት ነው፣ ጭካኔም ነው፣ ግን ከፊት ለፊት የተደረገ ነው። በኋላ አንገቴን ደፍቼ የተረጎምኩት ግን ለማንም ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ብዬ ነው። የአንዲት አሮጊት ርኅራኄ ውስጥ ተደበቅሁ፤ እናቴንም ይቅርታ አስጠየቅኋት።

እናቴ ይህችን ታሪክ እስክታረጅ ትወዳት ነበር። ባገባሁ ጊዜ ለባለቤቴ ነገረቻት፤ ማርታ ስታድግ ለማርታ ነገረቻት። ገንዳው በረዶ ሆኖ ሳለ እምቢ አልኩ ብሎ የተጨበጨበለት ጉረኛ! ማዕዱ ሁሉ ይስቃል። ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው የእኔ ሳቅ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ሆስፒታል ተኝታ፣ ሊነጋ ሲል፣ እጄን ይዛ «ጉራህ ለቀቀህ አይደል?» ብላኝ ነበር። ለቀቀኝ አልኳት።

እናቴ ጉረኛ ልጅ እንዳሳደገች እያመነች አረፈች። ምነው ጉረኛ ብቻ በሆንኩ።